የጉዳይ ጥናት፦ አንድ የኮምቦልቻ ጓሮ፣ የክረምት ዝናብና የቲማቲም ትል

አትክልቱ ላይ ትል የገባበት ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ልርጭበት?» ብሎ ነው። እዚህ የምጽፍለት ጓሮም ይህን ጥያቄ ይዞ ሱቅ ለሱቅ ሲዞር አንድ ሙሉ የቲማቲም ወቅት ባክኖበታል። በመጨረሻ ያዳነው መድኃኒት አይደለም። የመትከያው ጊዜ ተቀየረ፣ ጎረቤትም ተባበረ። ኮምቦልቻና አካባቢዋ ተመሳሳይ ጣጣ ያለባቸው ጓሮዎች ሞልተዋል። ስለዚህ ነገሩን ከነዝርዝሩ መመዝገብ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

የሰዎቹንና የሰፈሩን ስም ትቻለሁ። የጓሮውን ባለቤት ጎረቤቶቻቸው «እትዬ» ስለሚሏቸው እኔም እንዲሁ እጠራቸዋለሁ። ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ጓሮውና ቤተሰቡ

እትዬ ከፋብሪካ ሥራ ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። ከሴት ልጃቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። ግቢያቸው ሜዳው ላይ፣ ከቦርከና ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ነው። ከቤቱ ጀርባ ያለው ቦታ 10 በ12 ሜትር ቢሆን ነው። አፈሩ መረሬ ነው። ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ሲረጥብ ደግሞ ጫማ ይዞ ያስቀራል።

ጓሮው የተጀመረው በ2014 ነው። በዚያ ዓመት ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ እስከ ኅዳር መገባደጃ ጦርነቱ ከተማዋ ውስጥ ነበር። ገበያ ተዘጋ። እትዬ ቤት ለሳምንታት የተበላው ሽንኩርት የሌለው ሽሮ ነው። ነገሩ ሲረጋጋ «ሁለተኛ ለአንድ እስር ጎመን የሰው እጅ አላይም» ብለው ጥር ላይ መሬቱን አስቆፈሩ። የሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቃሪያና ትንሽ ካሮት ገባበት። የቧንቧ ውሃ በመጣ ቀን ሮቶው ይሞላል። በረኪና ያልነካው የዕቃ እጣቢም አይደፋም። ያ በጋና በልግ ጥሩ አለፈ፤ ለጎረቤትም ተረፈ።

ስለ ቦታው አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ የሚገኘው ደሴ ግን ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል። በታክሲ አጭር መንገድ ነው፤ ለአትክልት ግን ሌላ አገር ነው። ደሴ ዙሪያ በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ ያለ የድንችና የቲማቲም ቅጠል ይቃጠላል። ኮምቦልቻ ላይ ያው ወር ለቲማቲም የሚመች ነው። ሙቀቱ ግን ለትሉም ይመቸዋል። እትዬ መጀመሪያ አካባቢ ምክር የሚወስዱት ደሴ ካለች እህታቸው ነበር፤ የእህትየው የጊዜ አቆጣጠር ኮምቦልቻ ላይ አልሠራም።

ችግሩ እንዴት መጣ

በ2014 ሰኔ መጨረሻ ዝናቡ ሲገባ እትዬ 60 የሚሆን የቲማቲም ችግኝ ተከሉ። ዝናብ ካለ ውሃ መቅዳት አይኖርም ብለው ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። ኮምቦልቻ በዓመት ወደ 1,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ ትልቁ ድርሻ ግን የሚወርደው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። መረሬው ውሃ ቋጠረ። ሥሩ አየር አጣ፤ የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ። ነሐሴ ላይ ደግሞ ቅጠሉ ላይ በውሃ የራሰ የሚመስል ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ወጣ። በጥቂት ቀን ውስጥ ግንዱና ፍሬው ጠቆረ። ሰፈሩ «ምች መታው» አለ። ይህ ድንችንና ቲማቲምን አብሮ የሚያጠቃ በሽታ ነው። ቀዝቀዝ ያለ እርጥብ አየር ይወዳል። ቅጠሉ ሳይደርቅ ውሎ ካደረ ይስፋፋል፤ በነፋስም ከጓሮ ጓሮ ይሄዳል። ከ60ው ለወጥ የደረሰ ፍሬ የሰጠ የለም ማለት ይቻላል።

በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት በረዶ ወረደ። ቆስጣው ወንፊት ሆነ። እትዬ ተናደው ሁሉንም ነቅለው ጣሉት። መንቀል አልነበረባቸውም፤ ምክንያቱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ዋናው ችግር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጥቅምት 2015 ላይ እዚያው መደብ ላይ እንደገና ቲማቲም ተተከለ። ጊዜው ጥሩ ነበር፤ ችግኙም አማረ። ኅዳር ላይ ግን ቅጠሉ ላይ ነጣ ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ጠፍ ታየ። ቅጠሉን ቀጥፎ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ ላየው፣ በላይኛውና በታችኛው ሽፋን መካከል ከሩዝ ፍሬ ያነሰ አረንጓዴ ትል ይንቀሳቀሳል። በሄደበት ሁሉ ጥቁር ኩስ ይተዋል። ታኅሣሥ ላይ ትሉ ፍሬው ውስጥ ገባ። ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ አንገቱ ሥር ያለችውን ጠባብ ቀዳዳ ተከትሎ ሲከፈት ግን ውስጡ ተበልቷል።

ትሉ የቱታ አብሶሉታ የእሳት እራት ልጅ ነው። መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ስፔን ገባ፤ በ2012 ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። አንዷ እራት በዕድሜዋ እስከ 260 እንቁላል ልትጥል ትችላለች። አየሩ ሞቅ ካለ እንቁላሉ አድጎ እራት እስኪሆን አንድ ወር ገደማ ይበቃዋል። የሚበላው ቲማቲምን ብቻ አይደለም። ድንችና ደበርጃን ላይም ይኖራል። አውጥንና አስተናግርን የመሳሰሉ የቲማቲም ዘመድ አረሞችም ያቆዩታል። ይህቺ የመጨረሻዋ ነጥብ የዚህ ጉዳይ ቁልፍ ነች።

መጀመሪያ የተሞከረው

እትዬ ወደ መድኃኒት ሱቅ ሄዱ። የተሰጣቸው ከትልቅ ጠርሙስ በሃይላንድ የተቀነሰ ፈሳሽ ነው። ስሙ አልተጻፈበትም፤ ልኩም በቃል ተነገራቸው፦ «አንድ ቆርኪ ለአንድ ጀሪካን»። ረጩ። የተወሰነ ቀን ቀነሰ መሰለ፤ ከዚያ ተመለሰ። ሌላ ሱቅ፣ ሌላ ፈሳሽ። በመጨረሻ ሁለቱን ደባልቀው ረጩ።

ለምን እንዳልሠራ ለማስረዳት አያስቸግርም። ትሉ ቅጠሉ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚበላ ከላይ የሚረጭ ብዙው መድኃኒት አያገኘውም። ሙሽሬው፣ ማለትም ትሉ ወደ እራትነት የሚለወጥበት ደረጃ፣ በብዛት አፈር ውስጥ ነው። እንቁላሉ በብዛት ከቅጠሉ ሥር ነው። ደግሞም ይህ ተባይ ብዙ የተለመዱ ፀረ ተባዮችን መላመዱ በተለያዩ አገሮች የታወቀ ነው። የተረፈው ይራባል፤ ልጆቹም ያንኑ መድኃኒት ይችሉታል።

መርጨቱ ሌላ ጉዳትም አመጣ። ጎመኑ ላይ ክሽክሽ፣ ማለትም የቅጠል ፈሳሽ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ፣ ነበረ፤ ክሽክሹን የሚበላው ቀይ ባለ ጥቁር ነጠብጣብ ጢንዚዛም ነበረ። መድኃኒቱ ጢንዚዛውን ጨረሰው። ክሽክሹ ግን በፍጥነት ስለሚራባ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ከበፊቱ በዝቶ ተመለሰ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ልጆቹ ናቸው። ከተረጨ ስንት ቀን በኋላ መቀጠፍ እንዳለበት የሚናገረው ወረቀት ከመጀመሪያው ጠርሙስ ጋር ሱቅ ቀርቷል። የልጅ ልጆቹ በሚጫወቱበት ጓሮ፣ ቀጥፈው በጥሬው በሚበሉት ቲማቲም ላይ፣ ስሙ የማይታወቅ መርዝ ተረጭቷል። እንዲህ ያለ ሽያጭ መቆም አለበት። ገዢም ቢሆን ስም የሌለው ሃይላንድ ሲሰጡት መልሶ መውጣት አለበት።

ምን ተደረገ

እኔ ጓሮውን ያየሁት ጥር 2015 ላይ ነው። እትዬ አሁንም «ምን ልርጭ?» አሉኝ። መጀመሪያ የተነጋገርነው ግን ስለ መንቀል ነበር።

የቲማቲሙ ግንድ በሙሉ ተነቀለ። ወደ ብስባሹ ጉድጓድ አልተጣለም። በጥቁር ላስቲክ ታስሮ ፀሐይ ላይ ሳምንታት ቆየ። ውስጡ ያለው ትልና ሙሽሬ በሙቀቱ ያልቃል። መደቡ ተገላብጦ ለፀሐይ ተሰጠ፤ ከዚያ ሽንኩርት ገባበት። ቱታ ሽንኩርት ላይ አይኖርም።

ቀጥሎ የዓመቱ ሥራ በአዲስ መልክ ተደለደለ። ቲማቲም ከእንግዲህ ክረምት ላይ አይተከልም። ክረምት የጎመን፣ የቆስጣና የካሮት ነው። የቲማቲም ዘር በነሐሴ አጋማሽ ችግኝ መደብ ላይ ይዘራል፤ መስከረም ሃያዎቹ ውስጥ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ወደ ዋናው መደብ ይዛወራል። ለቀማው ታኅሣሥ ላይ ይጀምራል። መጋቢት ሲገባ ፍሬ ቢኖርበትም ይነቀላል። እትዬ ይህችኛዋን ለመቀበል ተቸግረዋል። አንድ ሁለት ፍሬ የያዘ ግንድ መንቀል ግፍ ነው የሚመስለው። ግን የሚቀጥለው ዓመት ትል የሚጠራቀመው እዚያ ያረጀ ግንድ ላይ ነው።

ለመረሬው ከፍ ያለ መደብ ተሠራ። መደቡ አንድ ሜትር ስፋት፣ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ አለው። በመካከሉ ቦይ አለ፤ ቦዩም ወደ ግቢው በር የሚያፈስ ተዳፋት አለው። ብስባሽና የበግ ፍግ ተደባለቀበት። ጉልበቱ ብዙ ነው። የእትዬ ልጅ ከሥራ ስትመለስ አመሻሽ ላይ እየቆፈረች ጨረሰችው። ከተደረገው ሁሉ ወዲያው ውጤቱ የታየው ይኸኛው ነው። በ2015 ክረምት ካሮቱና ጎመኑ ውሃ አልተኛባቸውም።

ችግኙ የተፈላው አጎበር ሥር ነው። ከላይ ላስቲክ ለዝናቡ፣ ዙሪያውን የተቀዳደደው ተሰፍቶ አሮጌ አጎበር ለእራቷ። አደራ፣ ይህ መኝታ ላይ ማገልገሉን የጨረሰ አጎበር ነው። ኮምቦልቻ ወባ ያለባት ከተማ ናት። የሰው አጎበር ለቲማቲም አይወሰድም።

አሁን ወደ ጎረቤት እንምጣ። የእትዬ ጓሮ ቢጸዳም አጥሩን ተሻግሮ ሁለት ነገር ነበር። በቀኝ በኩል አንድ ሐጂ ከዓምና የተረፈ የቲማቲም ግንድ አላቸው፤ ቅጠሉ በትል የነደደ፣ አልፎ አልፎ ግን ፍሬ የሚሰጥ። በጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ደግሞ አውጥና አስተናግር በቅሏል። ጳጉሜ ላይ እትዬ ቡና አፈሉና ዙሪያውን ጠሩ። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚያልቀው በረካ ላይ ነው።

«ሐጂ፣ ያ ቲማቲምዎ ይነቀልልኝ» አሉ እትዬ።

«እንዴ፣ ለወጥ የሚሆን አላጣበትም እኮ!»

«የወጡን እኔ እሰጥዎታለሁ። ታኅሣሥ ላይ ካልሰጠሁ ይውቀሱኝ።»

ሐጂ ወዲያው እሺ አላሉም። አንድ የተበላ ቅጠል ተቀጥፎ መጣ፤ እትዬ በር ላይ ቆመው ወደ ፀሐይ ይዘው ትሉን አሳዩአቸው። ሐጂ መነጽራቸውን አውጥተው ረጅም ጊዜ አዩት። «ይሄ ሁሉ ከእኔ ግቢ ነው የሚመጣው?» አሉ። በማግስቱ ራሳቸው ነቀሉት። ከጀርባ ያለውን አረም ደግሞ የሰፈሩ ልጆች ሳያብብ አጨዱት። በግራ በኩል የሚኖሩት ተከራዮች ቲማቲም አልነበራቸውም፤ ሦስት ባልዲ ድንች ብቻ ነበራቸው። እሱም ሳይቀር ተፈተሸ።

ከተተከለ በኋላ የዕለት ሥራው ቅጠል መገልበጥ ነው። እትዬ ጠዋት ከጸሎት መልስ በመደቡ መካከል ያልፋሉ። ጠፍ ያለበትን ቅጠል ቀጥፈው ክዳን ባለው ባልዲ ይከታሉ። መሬት የሚነካው የታችኛው ቅጠል በሙሉ ተቆርጧል፤ ግንዱም በእንጨት ድጋፍ ቆሟል። ውሃ ቅጠሉ ላይ አይፈስም፤ ከሥሩ ብቻ ይጠጣል።

የሠራውና ያልሠራው

በ2016 ታኅሣሥ ላይ ቲማቲሙ ደረሰ። ምርቱ በሚዛን አልተለካም። ቤተሰቡ እስከ የካቲት ድረስ ቲማቲም አልገዛም፤ ሐጂም ቃል የተገባላቸውን በየሳምንቱ አግኝተዋል። ትሉ አልጠፋም። ጥር ላይ ታየ፤ የካቲት ላይ በዛ። ግን የመጣው ዋናው ለቀማ ካለፈ በኋላ ነው። እንደ ዕቅዱ መጋቢት ላይ ተነቀለ።

ቆራጭ ትልን ያቆመው ሃይላንድ ነው። ጠርሙሱ ላይና ታቹ ተቆርጦ ቀለበቱ በችግኙ ዙሪያ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ይተከላል። ቆራጭ ትል ሌሊት በአፈሩ ላይ ሄዶ ነው ግንዱን የሚቆርጠው፤ ቀለበቱን አያልፍም። ጠዋት የተቆረጠ ችግኝ ሲገኝ ደግሞ ዙሪያውን ጫር ጫር ማድረግ ነው። ተጠቅልሎ የተኛው ግራጫ ትል እዚያው ይገኛል።

የዘይት ቢጫ ጀሪካን ተቆራርጦ፣ ግሪስ ተቀብቶ፣ በእንጨት ላይ ተሰቀለ። ነጭ ዝንብና ክንፍ ያለው ክሽክሽ ቢጫ ስለሚስባቸው ተለጥፈው ቀሩ። ለቱታ ግን ምንም አልፈየደም። ማታ ማታ ሳሙና ያለበት ሳፋ ላይ አምፖል መስቀሉ እራቷን ይይዛል። መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ግን ዋጋ የለውም።

አመድ በደረቅ ወቅት ጎመኑ ላይ ጥሩ ሠራ። አንድ ዝናብ ሲመጣ ታጥቦ ይሄዳል፤ ክረምት ላይ በየቀኑ መነስነስ ድካም ብቻ ነው። የተፈጨ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርትም ተሞክሯል። ቀትር ላይ ስለተረጨ የቃሪያውን ቅጠል አቃጠለው፤ ተተወ።

የኒም ዛፍ ፍሬ ከባቲ በኩል መጣ። ግማሽ ኪሎ የደረቀ ፍሬ ተወቅጦ በ10 ሊትር ውሃ አድሮ በጨርቅ ይጠለላል፤ ትንሽ የገላ ሳሙና ይጨመርበታል። ፀሐይ ስለሚያበላሸው ማታ ነው የሚረጨው፤ ያውም ከቅጠሉ ሥር። ገና የተፈለፈለውን ትል ይጎዳል። አድጎ ቅጠል ውስጥ የገባውን ብዙም አይነካውም። እትዬ ዘግይተው የረጩበት ጊዜ ውጤት አልነበረውም፤ ጠፉ መታየት እንደጀመረ የረጩበት ግን ልዩነቱ ታይቷል።

የማሽላ አገዳ ጉዝጓዝ በበጋ ውሃ ቆጠበ። መረሬውም መሰንጠቁን አቆመ። ክረምት ላይ ግን ያው ጉዝጓዝ የቀንድ አውጣ መኖሪያ ሆነ፤ ከሰኔ በፊት መነሳት እንዳለበት ታወቀ።

በ2015 ሐምሌ ደግሞ ሌላ በረዶ ወረደ። በዚህ ጊዜ ቆስጣው አልተነቀለም። የተቀደደው ቅጠል ብቻ ተቆረጠ። በረዶው የጠፈጠፈው አፈር በትንሹ ተኮተኮተ፤ ፍግ ተጨመረ። መሃሉ ያለው ቡቃያ ስላልሞተ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አዲስ ቅጠል ሰጠ። ካሮቱም ቅጠሉን አድሶ ቀጠለ። ቆስጣና ካሮት ከበረዶ ይነሳሉ፤ ፍሬ የያዘ ቲማቲም ግን አይነሳም።

ያልተፈታ ነገርም አለ። በ2016 በልግ ላይ ቃሪያው ቅጠሉ እየተጨማደደ ቀረ። ነጭ ዝንቡ በጀሪካኑ ቢቀንስም ችግሩ አልቆመም። ለጊዜው የተወሰነው የተጨማደደውን ቶሎ መንቀልና ቃሪያውን ከቲማቲሙ አርቆ መትከል ነው።

ለሌላ ጓሮ የሚሆነው

ከዚህ ጓሮ ወደ ሌላው ሊሄድ የሚችለው መጀመሪያ የጊዜ ጉዳይ ነው። ዝናብ መኖሩ ብቻ የመትከያ ጊዜ አያደርገውም። ኮምቦልቻ ላይ ቲማቲም ከክረምት ማግስት ሲተከል ከበሽታው ያመልጣል፤ ትሉ ሳይበዛም ይደርሳል። ደሴ ላይ ያለ ሰው ይህንኑ ቀን ቢገለብጥ ውርጩ ላይ ይወድቃል። እዚያ ለኅዳርና ለታኅሣሥ ጎመንና ካሮት ይሻላሉ። ችግኝ ካለ ደግሞ ማታ በሳርና በማዳበሪያ ከረጢት መሸፈን፣ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ መግለጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው አጥር ነው። የ10 በ12 ሜትር ጓሮ ብቻውን ቱታን አይችልም። ይህን ባለሙያ ነገራቸው ብለው ጎረቤቶች አይነቅሉም። ትሉን በዓይናቸው ሲያዩና ለሚነቅሉት ምትክ ሲያገኙ ግን ይነቅላሉ። እትዬ ለሐጂ የገቡት ቃል ከማንኛውም ምክር በላይ ሠርቷል። በ2017 ጳጉሜ ላይም ቡናው ተፈልቷል፤ አሁን ከአምስት ግቢ ሰው ይመጣል።

መርጨት ፈጽሞ አያስፈልግም አልልም። ሰፊ መሬት ያለው ገበሬ ያለ እሱ የሚቸገርበት ጊዜ አለ። ቤተሰብ ለሚመገብበት ጓሮ ግን የመጨረሻው አማራጭ መሆን አለበት። የሚገዛው በታሸገ ዕቃ፣ ጽሑፉ ያለበት ይሁን። ከተረጨ በኋላ ለመቅጠፍ የሚጠበቀው ቀን ተነብቦ በር ላይ ይለጠፍ። ለሁለት ተከታታይ ጊዜ አንድ ዓይነት አይረጭ። ባዶ ጠርሙሱ ተበስቶ ይወገድ፤ ውሃ መቅጃ ወይም የዘይት ዕቃ አይሁን።